የክርክር መጠንና የፍርድ ቤቶች ሥልጣን

በግለሰቦች ወይም በድርጅቶች መካከል የሚነሳ የገንዘብና የንብረት ክርክር ለየትኛው ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ምላሽ የሚያገኘው በክርክሩ የገንዘብ መጠን ነው። ይህን ሳያጣራ ክስ የሚመሠርት ወገን ዋናው ጉዳዩ ሳይታይ መዝገቡ ሊዘጋበት፣ ለተጨማሪ ወጪና እንግልትም ሊዳረግ ይችላል።

በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 እስከ 500 ሺህ ብር የሚደርሱ የፍትሐ ብሔር ክርክሮችን ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ የቤትና የተሽከርካሪ ዋጋ በመናሩ ቀድሞ ከባድ ይባል የነበረው ክርክር የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆነ። አዋጁን የተካው አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ጣሪያውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል።

በክልሎች በሕገ መንግሥቱ በተሰጠ ውክልና መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሠራበታል።

ይሁንና ሁሉም ጉዳይ በብር አይለካም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የወራሽነት ማረጋገጫ ጥያቄ የውርሱ መጠን ምንም ይሁን ምን የሚቀርበው ለከተማው ፍርድ ቤት ነው።

የገንዘቡ መጠን ፍርድ ቤቱን ቢወስንም የክርክሩን ርዝመት ግን አይወስንም። የ80 ሺህ ብር የቃል ውል ክርክር ምስክር ሲሰማበት ወራት ሊፈጅ ይችላል። በአንጻሩ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በጽሑፍ ውል ወይም በቼክ የተረጋገጠና መጠኑ የታወቀ ዕዳ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይፈቅዳል። በዚህ ሥርዓት ተከሳሹ መከራከር የሚችለው የመከላከያ ምክንያቱን በመሐላ ቃል አስደግፎ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ፈቃድ ካላገኘ ፍርዱ ለከሳሹ ይሰጣል። ስለዚህ አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ሰውም ቢሆን ውሉን በጽሑፍ ማድረጉ ኋላ ላይ ከሚደርስበት ድካም ያድነዋል።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይደነግጋል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ካጸናው ይግባኙ በዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ተፈጽሟል ብሎ ለሰበር ሰሚ ችሎት ማመልከት ነው። የሰበር አቤቱታ የማስረጃ ምዘናን እንደገና ማስጀመሪያ አይደለም።

የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን በመሆኑ ከሚገባው በላይ ቆልሎ መጠየቅ ከሳሹን ራሱን ይጎዳል። የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ግን ድህነቱን አስረድቶ ያለ ክፍያ ክስ እንዲመሠርት ሕጉ ይፈቅዳል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ያስተዋወቀው በፍርድ ቤት የሚካሄድ የማስማማት አሠራርም ተከራካሪዎች ከረጅም ሙግት በፊት እንዲግባቡ ዕድል ይሰጣል።

ፍርድ ማግኘት በራሱ ገንዘቡን እጅ አያስገባም። ተፈራጁ በፈቃዱ ካልከፈለ ባለመብቱ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለበት። ይህንንም ፍርዱ ከተሰጠ በ10 ዓመት ውስጥ ካላደረገ በብዙ ድካም ያገኘው ፍርድ በይርጋ ይታገዳል።