ዌብሳይቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ የቀብድ መዝገቡ

አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች በሚያዘጋጁት የወጪ ዝርዝር ላይ አንድ ነገር አይጠፋም፤ ዌብሳይት። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ “ሲስተም” የሚባል ነገር ይመጣል። ምን የሚሠራ ሲስተም? ተብለው ሲጠየቁ መልሱ አጭር ነው፤ “ሁሉንም ነገር የሚይዝ”። ሁሉንም ነገር የሚይዘው ሲስተም ተገዝቶ ሠራተኛው ግን ሒሳቡን አሁንም በደብተር ጀርባ ላይ ሲጽፍ ይገኛል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

የዛሬ ጨዋታዬ ለነዚህ ሰዎች ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አሥር ሠራተኛ ይዘው፣ ኪራይና ግብር እየከፈሉ፣ ኮምፒውተርና ስልካቸውን እንዴት በትንሽ ወጪ ሥራ ላይ እንደሚያውሉት ለሚያስቡ።

በመጀመሪያ ስለ ዶላር እንነጋገር፤ ምክንያቱም በኢንተርኔት የሚሸጥ ፕሮግራም አብዛኛው ዋጋው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ባንክ ቤት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል ፕሮግራም ከ600 ብር በታች ይወስድ የነበረው ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቹ ደግሞ የሚያስከፍሉት በሰው ነው፤ ሦስት ሠራተኛ ካለ ሦስት እጥፍ። ያውም የሚከፈልበት ካርድ ከተገኘ። ካልተገኘ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ወንድም “እባክህ በካርድህ ክፈልልኝ” ይባላል። ወንድም ይከፍላል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ግን የሱቁ ሒሳብ በሙሉ ይቆለፋል፤ ወንድም ደግሞ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ በየወሩ ዶላር የሚጠይቅ ነገር ላይ ከመንጠልጠል በፊት፣ እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ምን ያህል ይወስዳል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ስልኩን የምናየው ለወሬ ብቻ ነው።

አንዲት ሽሮ ሜዳ ላይ የባህል ልብስ የምታዘጋጅ ወጣት እናስብ። አራት ሠራተኛ አላት። ገንዘቧ የሚባክነው የት ነው? ዌብሳይት ስለሌላት አይደለም። ለጥምቀት ያዘዘ ደንበኛ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ይጠፋል። ቀብድ ምን ያህል እንደተቀበለች ከደንበኛው ጋር ትከራከራለች። ለሸማኔው የሰጠችው ድርና ማግ ስንት እንደነበር አታስታውስም። ከነዚህ አንዱንም ዌብሳይት አይመልሰውም። ሦስቱንም የሚመልሰው ግን በስልክ የሚከፈት አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ ጉግል ሺትስ በነፃ ይገኛል፣ ከጂሜይል አድራሻ ጋር 15 ጊጋባይት ማስቀመጫ አብሮ ይሰጣል፣ ሦስት ሰው በሦስት ስልክ አንዱን ሠንጠረዥ ማየትና መሙላት ይችላል። ኢንተርኔት ሲጠፋም እንዲከፈት አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል፤ መስመሩ ሲመለስ የተጻፈው በራሱ ይተላለፋል።

ረድፎቹ ብዙ መሆን የለባቸውም። ቀን፣ ስም፣ ስልክ፣ ምን ታዘዘ፣ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣ መረከቢያ ቀን፣ ክፍያው በጥሬ ነው በቴሌብር ወይስ በባንክ። “ቀሪ” የሚለውን ፕሮግራሙ ራሱ ይቀንሰዋል። ሁለተኛ ገጽ ላይ ለሸማኔ የወጣ ክር፣ ሦስተኛው ላይ ወጪ። ሦስት ወር በትክክል ከተሞላ የትኛው ጥለት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ደንበኛ ሁልጊዜ ቀሪውን እንደሚያዘገይ ይታያል። ይህን ሳያውቁ የሚገዛ “ሲስተም” ባዶ መደርደሪያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ትንሽ ነገር አለች። ሠንጠረዡ የኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 30/6/2018 ብለው የካቲት 30ን ቢጽፉ እሱ ጁን 30 ነው ብሎ ሊያስበው ይችላል፤ ጳጉሜንን በ13ኛ ወርነት ቢጽፉማ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ያየዋል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ደርድርልኝ ሲሉት ሁሉም ነገር ይደበላለቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንድ ረድፍ በፈረንጅ ቀን ለማስላት፣ አንድ ረድፍ በኛ ቀን ለማንበብ። ሁለት ጊዜ መጻፍ ያሰለቻል፤ እውነት ነው። ከደንበኛ ጋር ከመጣላት ግን ይሻላል።

ታዲያ ይህ ሠንጠረዥ ደረሰኝ አይደለም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ እንዲጠቀም በሕግ የተገደደ ድርጅት በሠንጠረዥም ሆነ በስልክ አፕ ከዚያ ግዴታ አያመልጥም። ሎይቨርስን የመሰለ በነፃ የሚገኝ የሽያጭ አፕ ዕቃ ለመቁጠር ግሩም ነው፤ ለግብር ሰብሳቢው ግን ምንም ማለት አይደለም።

ወደ ደንበኛ እንሂድ። የአዲስ አበባ ነጋዴ ሱቁን ቴሌግራም ላይ ነው የከፈተው። ቻናል መክፈት ምንም አያስከፍልም፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ደንበኛ “ዋጋው?” ብሎ ይጽፋል። ዋትስአፕ ቢዝነስም በነፃ የዕቃ ዝርዝር ማሳያ አለው፤ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ይመቻል። ጉግል ማፕ ላይ ሱቅን ማስመዝገብም እንዲሁ በነፃ ነው፤ “ከታክሲ ተራው ወረድ ብለህ፣ ቢጫውን ሕንፃ አልፈህ” እያሉ በቀን ሃያ ጊዜ በስልክ ከማስረዳት ያድናል። ነገር ግን የካቲት 2015ን ያስታውሷል? ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወራት ያህል ቆይተዋል። ቪፒኤን የማይጠቀም ደንበኛ ጠፋ። በዚያን ጊዜ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በሠንጠረዥ ይዞ የነበረ ነጋዴ አጭር መልእክት ልኮ ሥራውን ቀጠለ፤ ተከታዮቹን ቻናሉ ላይ ብቻ የሚያውቃቸው ግን ማንን ይደውል? አሥር ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል አንድም ስልክ ቁጥር አይሰጥዎትም። ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነውን ደንበኛ ቁጥር መዝግቦ መያዝ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ቁጥሩን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ግን በ2016 ከወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በኋላ ቀልድ አይደለም።

ክፍያው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ፣ ኤምፔሳም ከሱ በኋላ መጥተው መንገዱን ጠርገውታል። በዌብሳይት ወይም በአፕ መሸጥ ለጀመረ ደግሞ ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይ የመሳሰሉ አገር ውስጥ ያሉ አገናኞች በብር ይሠራሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ደንበኛ የሚያሳይዎትን የስክሪን ፎቶ አይመኑ። ፎቶ ይቀናበራል። ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ አካውንት ላይ ሳያዩ ዕቃ ከሱቅ አይውጣ፤ ሠራተኛዎም ይህን ማየት የሚችልበትን መንገድ ያዘጋጁለት፣ አለዚያ እርስዎ በሌሉበት ቀን ፎቶውን ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም።

ኮምፒውተር ያስፈልጋል? ለአንዳንዱ ሥራ አዎ። ከዴስክቶፕ ይልቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቢያንስ የጀመሩትን ያስጨርሳል። ሲገዙ ግን “ኮር አይ ፋይቭ ነው” የሚለው የሻጭ ቃል በቂ አይደለም፤ ስንተኛ ትውልድ ነው ብለው ይጠይቁ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። ስለዚህ 6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ በርካሽ ሲቀርብልዎት ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ያም ሆኖ ከንቱ አይደለም፤ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ሲጫንበት ለጽሕፈት፣ ለሠንጠረዥና ለኢንተርኔት ገና ዓመታት ያገለግላል። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ደግሞ ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በላጩ ነው።

ሻጩ “ኦፊስ ልጫንልህ?” ሲል ከፍላሽ ላይ የሚጭነው የተሰበረ ቅጂ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ከቅጂው ጋር ምን አብሮ እንደሚገባ ግን ጫኙም አያውቅም። ሊብሬኦፊስ ዎርድና ኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ አማርኛ ይጻፍበታል፣ ዋጋ የለውም። የሒሳብ ባለሙያዎቻችን ዛሬም የሚሉት “ፒችትሪ” ነው፤ ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለትንሽ ድርጅት ጂኤንዩካሽ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ችግሩ የሒሳብ ሠራተኛዎ አያውቀውም፣ ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት እሱን ያማክሩ። ኦዱ ኮሚዩኒቲና ኢአርፒኔክስትም ዕቃ ግምጃ ቤቱንና ግዢውን በአንድ ላይ ይይዛሉ፤ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም። ግን በነፃ ያገኙት በሬም ገለባ ይበላል። የሚቀመጡበት ሰርቨርና የሚንከባከባቸው ሰው ይፈልጋሉ። አምስት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ቶሎ ነው እላለሁ፤ ሠንጠረዡ ሲጠበው ያኔ ይታሰብበታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ገንዘብ የት ይዋል? መጠባበቂያ ቅጂ ላይና ቁልፍ ላይ። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተገዝቶ በየሳምንቱ ፋይሎቹ ይገለበጡበት፣ ከሱቁ ውጭም ይቀመጥ። ቁልፍ ስል የይለፍ ቃል ማለቴ ነው። የድርጅቱ ጂሜይል የተከፈተው በማን ስልክ ነው? የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤት ማን ነው? በብዙ ቦታ መልሱ “ያ ልጅ” ነው፤ የሠራው ልጅ፣ ወይ ሥራ የለቀቀ ወይ አገር የለቀቀ። ለድርጅቱ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ በራስዎ ስም ያውጡ፣ ጂሜይሉም ቴሌግራሙም በሱ ይከፈት፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ይብራ። ቻናሉ አሁን በሌላ ሰው እጅ ከሆነ ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ይቻላል፤ ግን አስተላላፊው ማረጋገጫውን ካበራ ቢያንስ ሳምንት ሊሞላው ይገባል። ስለዚህ ልጁ ከመሄዱ በፊት እንጂ አየር መንገድ ከደረሰ በኋላ አይደለም።

ዌብሳይቱስ? የውጭ ገዢ ወይም ትልቅ ድርጅት “አድራሻችሁን ላኩ” ማለት ሲጀምር ጊዜው ደርሷል። ያን ጊዜም አንድ ገጽ ይበቃል፤ ስልክ፣ ካርታ፣ የሥራ ሰዓት፣ ጥቂት ጥሩ ፎቶ። እንዲህ ያለውን ገጽ በነፃ የሚያስቀምጡ አገልግሎቶች አሉ። ስሙን በዶላር ከመግዛት ይልቅ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በ“ዶት ኢቲ” የሚያልቀውን በብር መውሰድ ይቻላል። ለሚሠራው ባለሙያ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ስሙ በየትኛው ኢሜይል እንደሚመዘገብ ይጠይቁት፤ የእርስዎ ካልሆነ ብሩን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።