ሳል የሌለው ቲቢ እና የሥጋ ናሙና ምርመራ

አንድ አባት ከፈረስ ቤት ዙሪያ ገጠር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። በአንገቷ በግራ በኩል እንቁላል የሚያህል እጢ አብጧል። ብዙም አያማትም፤ ከተነሣ ግን አራት ወር አልፎታል። ቆዳው ላይ በእሳት የተተኮሰ ጠባሳ አየሁ። «የእጢ ቲቢ ሊሆን ይችላል» ስላቸው፣ «ሳትስል እንዴት ቲቢ ይሆናል ዶክተር?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ቲቢ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሳልን ነው። በአገራችን ግን ከቲቢ ሕሙማን ሲሶ የሚጠጉት ሕመማቸው ከሳንባ ውጪ ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹን የሚይዛቸው በእጢ ላይ ነው። አክታ ቢመረመር ምንም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከእጢው በመርፌ ፈሳሽ ይቀዳል፤ ካስፈለገም ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ይወሰዳል።

በእጢ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት በመሆኑ በማይክሮስኮፕ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ባክቴሪያውን አሳድጎ ማየት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረ መል አውጥቶና አባዝቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት መሣሪያውን እ.ኤ.አ በ2010 ለአክታ፣ በ2013 ደግሞ ለእጢና ለመሳሰሉት ናሙናዎች እንዲውል መክሯል።

እዚህ ላይ ስህተቴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከአንድ ታካሚ የተቆረጠውን ሥጋ በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ላክሁ። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ባክቴሪያውን ግን ይገድላል፣ ዘረ መሉንም ያበላሻል። ናሙናው ለጂን ኤክስፐርት አይሆንም ተብሎ ተመለሰ፤ ሰውየው ሁለተኛ ተቆረጡ። ለቲቢ ምርመራ የሚላከው ሥጋ በንጹሕ ዕቃ፣ በጨው ውኃ (ኖርማል ሳላይን) ሆኖ በቅዝቃዜ መሄድ አለበት። እርስዎም ሥጋ ሊቆረጥልዎ ከሆነ «ለቲቢ ምርመራ የሚሆነው ለብቻው ተለይቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። መሣሪያው በአቅራቢያ ከሌለም ናሙናው ይላካል እንጂ እርስዎ ከተማ ለከተማ መንከራተት የለብዎትም።

አባትየው ጥሬ ወተት ይሆን ያመጣባት ብለው ሠግተው ነበር። እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ፣ በኢትዮጵያ 964 የሳንባና የእጢ ቲቢ ናሙናዎችን በሞለኪውል ዘዴ የመረመረ ጥናት የከብት ቲቢ ድርሻ እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ወተት ማፍላት ግን አይቀርም፤ ሌሎች በሽታዎችም አሉና።

ውጤቱ «የለም» ቢልም ቲቢ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ መርፌው ባክቴሪያ የሌለበት ቦታ ወግቶ ሊሆን ይችላልና ሐኪሙ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ያመዛዝነዋል። የልጅቷ ግን ቲቢ ተገኘበት፤ መድኃኒቱን አልተላመደም። የስድስት ወር ሕክምናዋን በነጻ ጀመረች፤ ቤተሰቡም ተመረመረ። በሁለተኛው ወር እጢው ይበልጥ አብጦ አባትየው ተደናግጠው መጡ። ባክቴሪያው እየሞተም ሰውነት እንዲህ ሊቆጣ ይችላል። መርምሬ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ነገርኳቸው፤ አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች፣ እብጠቱም ጎድሏል።