በድንጋይ የተተከለ ድንኳን፦ ጎንደርን በአንድ ቀን

ጎንደርን በአንድ ቀን ጎብኝቶ መመለስ የተለመደ ነው። ጎብኚው ጠዋት ፋሲል ግቢ ሲገባ አስጎብኚው በቀጥታ ወደ አፄ ፋሲል ግንብ ይወስደዋል። 32 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ሕንፃና በአራቱ ማዕዘን የቆሙትን ክብ ማማዎች ፎቶ አንሥቶ ሌሎቹን ፍርስራሾች በጥድፊያ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጦ አይቶ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ደርሶ ይመለሳል። ከዋና ዋናዎቹ ሕንፃዎች ብዙም አላመለጠውም። ያመለጠው ሕንፃዎቹ ለምን እንዲህ ተበታትነው እንደ ቆሙ ነው፤ ይህን የሚያስረዳው ካላገኘ ደግሞ ግቢውን በአንድ ሰው አሳብ ተጀምሮ ያላለቀ ቤተ መንግሥት አድርጎ ያስበዋል። ጎንደር ግን ከአንድ ንድፍ የወጣች አይደለችም። ነገሥታቱ ለዘመናት ይዘውት ሲዞሩ የኖሩት ሰፈር አንድ ቦታ ረግቶ ድንኳኑ ድንጋይ የሆነባት ከተማ ናት፤ አስጎብኚም መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

ሰፈሩ ምን ይመስል እንደ ነበር የሚነግረን አለ። በ1520 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በአፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር አቀማመጥ በዝርዝር ጽፏል። የንጉሡ ድንኳኖች መሐል ላይ ይተከላሉ፤ የቤተ ክርስቲያኖቹ ድንኳኖች ከአጠገባቸው ናቸው፤ ፍርድ የሚታይበት ድንኳን ከፊት ለፊት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አንበሶች በሰንሰለት ታስረው ይጠበቃሉ፤ ገበያው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰፈሩ ሲነሣ ሜዳው ይለወጣል እንጂ ሥርዓቱ አይለወጥም፤ ሹሙም ሎሌውም አዲሱ ሜዳ ላይ የትኛው ወገን የእሱ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። አሁን ጎንደርን እንመልከት። የነገሥታቱ ግንቦች መሐል ላይ ሆነው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር ተከበዋል። እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አጣጣሚ ሚካኤልና ግምጃ ቤት ማርያም እዚያው ከግቢው ጋር ናቸው። የአንበሶቹ ቤት ዛሬም ይታያል። ከፊት በር ውጭ ጃን ተከል አለ፤ አዋጅ የሚነገርበትና ፍርድ የሚፈጸምበት ዋርካ የቆመበት አደባባይ ነው። ጳጳሱና እጨጌው ከግቢው ወዲያ የየራሳቸው ሠፈር ነበራቸው፤ በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳምኑት ግን በሮቹ ናቸው። ለጌጥ ብቻ ቢሆን ይህ ግቢ 12 በር አያስፈልገውም ነበር። ወምበር በር የዳኞች ነው፤ እምቢልታ በር የሙዚቀኞች፤ ባልደራስ በር የፈረሰኛው አለቃ፤ ተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ የሚገባበት፤ እልፍኝ በር ወደ ንጉሡ የውስጥ ክፍል የሚያደርሰው። ፈታዮቹ፣ የንግሥቲቱ አገልጋዮች፣ ራስ የተባለው ሹም፣ ሁሉም የራሳቸው በር አላቸው። ሰው በማዕረጉና በሥራው የሚገባበት ይህ አከፋፈል የሰፈሩ ሥርዓት ነው፤ ሸራውና ካስማው በግንብ ስለ ተተካ አልጠፋም። ብዙ ጉብኝት ከቲኬት መቁረጫው ወደ ዋናው ግንብ ስለሚሮጥ፣ ከግቢው ሁሉ ብዙ የሚናገረው አጥር ከጀርባ ይቀራል።

ሌላው ማስረጃ የግንቦቹ ብዛት ነው። አባት የሠራውን ልጅ አድሶ ቢኖርበት ወጪው በቀለለ ነበር። የጎንደር ነገሥታት ግን ብዙዎቹ እንዲህ አላደረጉም። ቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍቱንና ጽሕፈት ቤቱን ለብቻ አቆመ። አድያም ሰገድ ኢያሱ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያስጌጠውን የራሱን ግንብ ሠራ፤ ከአባቱና ከአያቱ ሥራ ጋር ግን አላያያዘውም። ያ ግንብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳ፣ በ1941 ጣሊያኖችን ለማስወጣት እንግሊዞች በጣሉት ቦምብ ደግሞ ክፉኛ ተመታ፤ ዛሬ ጌጡን በአሳብ መሙላት የጎብኚው ፈንታ ነው። ዳዊት የዘፈን አዳራሹን፣ በካፋ ሰፊውን የግብር አዳራሹን፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሷን ግንብ ጨመሩ። አዲስ ንጉሥ ሲነግሥ አዲስ ድንኳን እንደሚተከል ሁሉ አዲስ ግንብ ቆመ። ግቢው የተዝረከረከ የሚመስለው አንድ ቤት ነው ብሎ ለሚያየው ነው።

ይህን የማይቀበል ሰው የሚያነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። አፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን የቆረቆረው መዞሩን ለማቆም አይደለምን? አባቱ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብሎ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ከታመሰ በኋላ መንግሥቱን አንድ ቦታ ማጽናት ፈልጎ ነው፤ ስለዚህ ከተማዋ የሰፈሩ መጨረሻ እንጂ ተከታይ አይደለችም ይባላል። በከፊል ትክክል ነው። ዳሩ ግን ፋሲልም ተከታዮቹም ክረምቱን ጎንደር ከርመው በበጋ መዝመታቸውን አልተዉም፤ ድንኳኑ እቃ ቤት ገብቶ አልቀረም። በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም የከተማዋን ሕዝብ በሰላም ጊዜ 10,000 ቤተሰብ ያህል ሲል ገምቶ ነበር፤ ግምቱን በሰላም ጊዜ ብሎ መገደቡ ነዋሪው ከቤተ መንግሥቱ ሁኔታ ጋር የሚወጣና የሚገባ እንደ ነበር ይጠቁማል። የመርጋቱ ዋጋ የታየው ቆይቶ ነው። የሚዞር ንጉሥ የማይወደውን ሹም ጥሎ ይሄዳል፤ በግንብ ውስጥ የተቀመጠው ግን በሩን የያዘ ሰው እጅ ይወድቃል። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን አስገደለ፤ ከዚያ እስከ 1855 ድረስ አብዛኞቹ የጎንደር ነገሥታት ለስም ያህል የነገሡ ነበሩ።

ሁለተኛው ክርክር በጎብኚዎች አፍ የሚዘወተረው ነው፤ ግንቦቹን ፖርቱጋሎች ሠሯቸው፣ ስለዚህ ከሰፈር ጋር ምን አገናኛቸው የሚለው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ብቻውን ያጠራጥራል። የካቶሊክ ሰባኪዎቹን ኢየሱሳውያን ያባረረው ራሱ ፋሲል ነው፤ ጎንደርም የተቆረቆረችው ከመባረራቸው በኋላ ነው። እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ በትውፊት ለአፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ ያ ከሆነ ከፋሲል በፊት የቆመ ነው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አል ሐይሚ ደግሞ የፋሲልን ግንብ ያነጸው ህንዳዊ እንደሆነ ጽፏል። በድንጋይና በእንጨት ሥራ ከሚታወቁት የአካባቢው ባለሙያዎች መካከል ዛሬ ልጆቻቸው በአብዛኛው እስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። በዕደ ጥበቡ የውጭ እጅ የለበትም ብሎ መሟገት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከህንድም ከፖርቱጋልም የመጣ ነገር እንዳለበት ማመን ለነገሥታቱ ክብር ነው። ነገር ግን እምቢልተኛው በየትኛው በር እንደሚገባ የወሰነው ከውጭ የመጣ ግንበኛ አይደለም።

እንግዲህ አስጎብኚው ጊዜ የለኝም ሊል ይችላል። ፍርስራሹን ሁሉ ማዞር በእርግጥ አንድ ቀን አይበቃውም፤ ቅደም ተከተሉን መለወጥ ግን ጊዜ አይጨምርም። ጠዋት ከጃን ተከል ተነሥቶ በፊት በር ከመግባት በፊት ሃያ ደቂቃ አጥሩን መዞር፣ በሮቹን እየጠሩ የማን እንደ ነበሩ መንገር፣ ከዚያ በኋላ ከፋሲል ግንብ ጀምሮ በዘመናቸው ተራ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከግቢው ሩቅ አይደለም፤ ከቀትር በፊት ይደረስለታል። ከምሳ በኋላ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርዶ በጥምቀት ጊዜ ውኃ የሚሞላውን ጥምቀተ ባሕርና የዋርካ ሥር የተጠመጠመበትን አጥሩን ማየት ነው። የብዙዎች ጉብኝት እዚህ ያበቃል፤ ከዚያው አቅጣጫ ከፍ ብሎ ያለው ቁስቋም ግን መቅረት የለበትም። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብላ ቤተ ክርስቲያንና ግንብ የሠራችው እዚያ ነው፤ ብሩስንም ያስተናገደችው እዚያ ነው፤ የልጅ ልጇ ኢዮአስ ከተገደለ በኋላም የኖረችው እዚያው ነው። ከቁስቋም ኮረብታ ላይ ከተማው ከነግቢው ቁልቁል ስለሚታይ፣ ጠዋት በሩ ላይ የተነገረውን ሥርዓት አስጎብኚው በጣቱ እየጠቆመ እንደገና ሊያሳይ ይችላል።