ከመሣሪያው በፊት ሊዘጋጅ የሚገባው

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ተበላ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያ እንዳለው ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በአገራችን የጤና ሥርዓት ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የተደነገገ ሲሆን፣ ዓላማውም ምጥ የጠናባት እናትና አጥንቱ የተሰበረ ሕፃን፣ ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ሶዶ ሳይንገላቱ፣ በቅርብ ምርመራና ፈውስ እንዲያገኙ ነው። ለዚህ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል፤ መሣሪያው ሳይመጣ ምን መሰናዳት እንዳለበት አስቀድሞ የሚመረምረው ግን ጥቂት ነው።

የራጅ መሣሪያ ጨረሩ ወደ ሌላ ክፍል እንዳያልፍ በወፍራም ግንብ ወይም በእርሳስ የተከለለ ቤት፣ የማይዋዥቅ የመብራት ኃይል፣ የጨረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ ከሁሉም በላይ የሠለጠነ የራጅ ባለሙያና ሲበላሽ የሚጠግን የባዮሜዲካል ባለሙያ ይሻል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ከነሳጥኑ ይቀመጣል፤ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ ከርክክብ ቀን ጀምሮ ስለሚቈጠር፣ አንድ ሕመምተኛ እንኳ ሳይረዳ ዘመኑ ሊያልፍ ይችላል።

የዚህ ሁሉ መንሥኤ የሰዎች ቸልተኝነት ብቻ አይመስለኝም። መሣሪያው በካፒታል በጀት ሲገዛ ባለሙያው በመደበኛ በጀት የሚቀጠር፣ ገዢው አንድ፣ አስገንቢው ሌላ፣ የቅጥር መደብ ፈቃጁም ሦስተኛ መሥሪያ ቤት በመሆኑና፣ በጀቱ ሰኔ 30 ቀን ተመላሽ እንዳይሆን ግዢው ስለሚጣደፍ፣ ዕቃው ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ካህን ያልተሾመለት ቤተ ክርስቲያን በንዋየ ቅድሳት ቢሞላም ቅዳሴ አይቀደስበትም። መከራው የእኛ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በድሀ አገሮች ሆስፒታሎች ካሉት መሣሪያዎች ከመቶ 40 ያህሉ ከአገልግሎት ውጪ መሆናቸውን አሳይቷል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የካንሰር የጨረር ሕክምና ነገር ነው። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል መላው ሕዝብ ተስፋውን የጣለው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በነበረው የኮባልት ሕክምና ላይ ነበር። ሕክምናውን እንደ ጅማ፣ ጎንደርና ሐዋሳ ላሉ ከተሞች ለማዳረስ ከታቀደ በኋላም፣ ግድግዳው እጅግ ወፍራም የሆነውን ልዩ ሕንፃ ለማነጽና የሕክምና ፊዚክስ ሊቃውንትን ለማሠልጠን ብዙ ዓመታት አለፉ፤ በዚያም ዘመን ሁሉ የወላይታ ሕሙማን ከነሥቃያቸው ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ፣ ወረፋም ይጠብቁ ነበር።

የሚያጽናናው፣ ሁምቦ ሥራን በሥርዓት ማቀድ ያልለመደች አገር አለመሆኗ ነው። በ2,728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ላይ ደኑ መልሶ እንዲያገግም በተደረገው ሥራ፣ ሰባት የገበሬ ማኅበራት ተደራጅተው ጠባቂነቱን ተረክበዋልና ዛሬ ተራራው ለምልሟል።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም የጥንቱን የኦቶና ሆስፒታል ይዞ የጤና ባለሙያዎችን ያስተምራል። ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮና ዩኒቨርሲቲው በአንድነት ተቀምጠው፣ ለየሆስፒታሉ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ክፍሉ የት እንደሆነ፣ መሣሪያውን ማን እንደሚያንቀሳቅሰውና ማን እንደሚጠግነው በጽሑፍ እንዲወስኑ አጥብቀን እንለምናቸዋለን።