የእንጨትና የጭቃ ቤት ግርጌ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ፣ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ሙያውን ይናገራል፤ አጠና ለግድግዳና ለጣሪያ የሚውል ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ነውና። በኮልፌ ቀራንዮ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚታዩት ነባር ቤቶች በአብዛኛው በዚሁ እንጨትና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት ዕድሜው አጭር ነው ሲባል እንሰማለን። ይሁንና ዕድሜውን የሚያሳጥረው ጭቃው ነውን? ወይስ እንጨቱ? ወይስ የእንጨቱ አተካከል?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤት ይሠራ የነበረው በጥድና በወይራ ነው። ቅርጹ በአብዛኛው ክብ፣ ክዳኑም ሣር ነበር። የከተማዋ ሕዝብ ለማገዶና ለቤት ሥራ በአካባቢው የነበረውን ዛፍ ስለ ጨረሰው፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት በ1880ዎቹ ከውጭ አገር የገባው፣ ትውልዱ አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮ እየተስፋፋ ሄደ። ቀጥ ያለ እንጨትና አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ለክብ ቤት አይመቹም፤ ስለዚህ ጎጆው ቀስ በቀስ ማዕዘን አወጣ።

አሠራሩን ልብ ብለን እንመልከት። በመጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ መሬቱ ይቆፈርና ቋሚዎቹ ተቀራርበው ይተከላሉ። በውስጥም በውጭም ማገር ይመታባቸዋል፤ ምስማር ሳይለመድ በፊት ማገሩ በልጥ ይታሰር ነበር። ከዚያም አፈር ከጤፍ ጭድና ከውኃ ጋር ተደባልቆ በእግር ይረገጣል፤ ለቀናትም እየተረገጠ ይብላላል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ እንደ ጅማት ሆኖ፣ ግድግዳው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ልስኑ ይከተላል። ጭቃ መርገጥ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ጎረቤት በደቦ ይሰበሰብበታል። ልጆችም ሙያውን የሚማሩት በዚያው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው ነው።

እንግዲህ ሕመሙ ያለው ከግርጌው ነው። ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ ጭቃው ከመሬት በላይ ያለውን እንጨት ይጠብቀዋል። ነገር ግን ቋሚው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ እርጥበትም አየርም ስለሚያገኝ፣ እንጨት የሚያበሰብሱ ሻጋታዎች በዚያ ይበረታሉ፤ ምስጥም የሚገባው በዚያ ነው። የክረምት ዝናብ ከጣሪያው ጠርዝ ወርዶ እየፈናጠረ የግድግዳውን እግር ሲያጥበው ችግሩ ይብሳል። ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ቤት ከቁርጭምጭሚቱ ተበልቶ ይዘማል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖችም ከጥንት ጀምሮ በእንጨት የሚሠሩ፣ በቀርከሃ ርብራብ ላይ ጭድ የገባበት ጭቃ የሚመርጉ ናቸውና ገጥሟቸዋል። መልሳቸውም ሁለት ዓይነት ነው። ሆርዩጂ በተባለው ቤተ መቅደስ ምሰሶዎቹ የቆሙት በድንጋይ ላይ ሲሆን፣ ሕንፃው 1,300 ዓመት ገደማ ቆይቷል። በኢሴ መቅደስ ግን ምሰሶዎቹ እንደ እኛ ቤት ቋሚዎች በቀጥታ በምድር ይተከላሉ፤ ስለዚህ መቅደሱ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል። በ7ኛው መቶ ዓመት የተጀመረው ይህ ልማድ፣ በጦርነት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ከመቋረጡ በቀር፣ እስከ ዘመናችን ዘልቆ በ2006 ዓ.ም. ለ62ኛ ጊዜ ተፈጽሟል። 20 ዓመት አንድ ወጣት ረዳት ሆኖ ያየውን ሥራ፣ ጎልምሶ ራሱ ለመምራት የሚበቃበት ጊዜ መሆኑ ልብ ይሏል።

የድንጋዩን መልስ የእኛም አባቶች ያውቁት ነበር። በደብረ ዳሞ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ድንጋይና አግድም እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ እንጨቱ በድንጋይ መካከል ይጋደማል እንጂ በአፈር ውስጥ አይተከልም። በኮልፌም ቢሆን ጠንቃቃ ሰው የግድግዳውን እግር በድንጋይ ያለብሳል፤ የጣሪያውንም ጠርዝ ያስረዝማል። ቤቱ አርጅቶ ቢዘምም እንኳ፣ ጣሪያው በድጋፍ ተይዞ የቋሚው የበሰበሰ ግርጌ ሊቆረጥና በስፍራው ድንጋይ ሊገባበት ይችላል። ይህን የሚሠራ አናጢ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ነባር ሰፈሮች እየፈረሱ፣ አዲሱ ቤት በብሎኬትና በሲሚንቶ እየተሠራ በሄደ መጠን ጭቃ የሚረገጥበት ቀን አንሷል፤ በ20 ዓመት ይቅርና በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ምርጊት ያላየ የከተማ ልጅ በዝቷል። አጠናው ዛሬም ይገዛል፤ ለፎቅ ሠራተኞች መወጣጫ ይሆናል፤ ፎቁም ሲያልቅ ተነቅሎ ይሄዳል።