የድሮ ሲኒማን ስለ ማየት፤ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የተደረገ ትንሽ ምርመራ

በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚገኙት ከተሞች መካከል በጅማ መንገድ ሰበታን፥ በአምቦ መንገድ ቡራዩን፥ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ተማሪዎች በእነዚህ ከተሞች የምንኖር ስንሆን፥ ጧት በታክሲ ወደ ትምህርታችን ሄደን ማታ እንመለሳለን። ፊልም የምናየውም ብዙውን ጊዜ በዚያው መንገድ ላይ፥ በስልክ፥ ግማሹን እየዘለልን ነው።

አንድ ቀን በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ድምፅ የሌለው፥ ቀለም የሌለው፥ ከአያቶቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ፊልም ዛሬ ለእኛ ደስታ ይሰጣልን? የሚሰጥ ከሆነስ እንዴት ቢያዩት ነው? በክርክር ብቻ መልስ እንደማይገኝ ስለ ተረዳን፥ በክረምቱ ዕረፍት ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ በየተራ በየቤታችን እየተሰበሰብን ልናይና ያየነውን ልንጽፍ ተስማማን። በተዋስነው ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ነጭ አንሶላ አየን፤ ፕሮጀክተር ባልተገኘ ጊዜ በላፕቶፕ አየን። ከዚህ በታች የምንተርከው በዚያ ጊዜ የተማርነውን ነው። የውጭ አገር ፊልሞች ዘመን የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ከጓደኞቻችን አንዱ በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማረ ዐይነ ስውር ነው። «ድምፅ የሌለው ፊልም ለእርሱ ምን ያደርግለታል?» ብለን ሳንጠራው ቀረን። እርሱ ግን ወሬውን ሰምቶ በሁለተኛው ቅዳሜ ራሱ መጣ። «እናንተ ታያላችሁ፥ እኔ እጠይቃለሁ፤ ምን ቸገራችሁ?» አለን። አፍረን ቦታ ሰጠነው። የምርመራችን ዋና ፍሬ የተገኘው ከዚህ ሰው ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ወደ ፊት ያየዋል።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ስለ ፍጥነት ነው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በ1895 በፓሪስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ካሳዩ ወዲህ፥ ሲኒማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለ ንግግር ኖሯል። ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን መያዝ የጀመረው «ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም በ1927 ከታየ በኋላ ነው። በዚያ በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በእጅ ይዘወር ስለ ነበር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 16 ወይም 18 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል ያነሣል እንጂ የተወሰነ ልክ አልነበረውም። ድምፅ ሲመጣ ግን ልኩ በሴኮንድ 24 ሆነ። እንግዲህ በ16 የተነሣውን በ24 ሲያሳዩት ሰዎቹ እንደ ዶሮ የሚንደፋደፉ ይመስላሉ። «የድሮ ፊልም ያስቃል» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ስሕተቱ የማሳያው እንጂ የተዋናዮቹ አይደለም። በትክክለኛ ፍጥነት የታደሰውን ቅጂ ፈልጎ ያየ ሰው፥ የዚያን ዘመን ሰዎች እንደ እኛው ቀስ ብለው ሲራመዱ ያያቸዋል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቋንቋ ነው። በድምፅ አልባ ፊልም መካከል የሚገቡት ጽሑፎች በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆኑ ለቤተሰቦቻችን እንቅፋት ይሆናሉ ብለን ፈርተን ነበር። ስለዚህ በቡራዩ የጀመርነው በጀርመናዊው በሙርናው «የመጨረሻው ሳቅ» ነው። ይህ የ1924 ፊልም መግለጫ ጽሑፍ የለውም ለማለት ይቻላል። ታሪኩ የአንድ ትልቅ ሆቴል በር ጠባቂ ነው። ሽማግሌው ባለ ቁልፍ ካፖርቱን ለብሶ በሰፈሩ ይከበራል። አንድ ቀን ግን ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ሲደክም አለቃው ስላየው፥ ካፖርቱን አስወልቆ ወደ መጸዳጃ ቤት ሠራተኝነት ያወርደዋል። ፊልሙን ከእኛ ጋር ያዩት የቤቱ እመቤት፥ የጓደኛችን እናት፥ የውጭ ቋንቋ አያውቁም። ካፖርቱ ሲወልቅ ግን ከሁላችን ቀድመው፥ «አዬ! እንግዲህ በምን ዐይኑ ጎረቤቱን ያያል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ታሪክ ደግሞ በሙሉ ስለዚህ ጥያቄ ነው። እኛ ገና ስለ ካሜራው አንቀሳቀስ ስናስብ እርሳቸው ፊልሙን ጨርሰው አወቁት።

ሦስተኛው ትምህርት በሰበታ የተገኘው ነው። ቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» የተባለውን ፊልም በ1931፥ ማለትም ሌላው ሁሉ ወደ ንግግር ከተሻገረ በኋላ፥ ሙዚቃ ጨምሮ ያለ ንግግር አወጣው። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ዐይነ ስውር አበባ ሻጭ አለች። ቻፕሊን የሚጫወተው ድሃ መንገደኛ ፖሊስ ሸሽቶ በቆመ መኪና ውስጥ ያልፍና በወዲህኛው በር ይወጣል፤ በሩንም ይዘጋዋል። ለጓደኛችን በየተራ እየተረክንለት ነበርና ይህንኑ ነገርነው። እርሱም ወዲያው፥ «የመኪና በር ሰማች፤ እንግዲህ ሀብታም ነው ብላለች። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው» አለ።

እኛ የምናየው ዝም ብለን ተያየን። ነገሩ ገና አልገባንም ነበርና። ታሪኩ ሁሉ የተመሠረተው በአንድ የበር ድምፅ ላይ ነው፤ ያን ድምፅ ግን ተመልካቹ አይሰማውም። ቻፕሊን ድምፅን ያለ ድምፅ ለማሳየት መንገድ አጥቶ ይህን አንድ ክፍል ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ እንዳስነሣ ይነገራል። ችግሩ ምን እንደ ነበረ የገባን ጓደኛችን በአንድ ቃል ሲፈታው ነው።

በፊልሙ መጨረሻ ልጅቱ ድናለች፤ ታያለች። ከሱቋ ደጅ የቆመውን ቡትቶ ለባሽ ማን እንደ ሆነ ሳታውቅ ትስቅበታለች። ከዚያም አዝናለት ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ትይዛለች። በዚህ ጊዜ ተራኪያችን ዝም አለ። ጓደኛችን፥ «ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። «እጁን ይዛዋለች» አልነው። «እንግዲያማ ዐወቀችው አትሉኝም?» አለ። እውነትም ዐይኗ ያላወቀውን እጇ ዐወቀው። ያን ማታ ብዙ አልተነጋገርንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ፊልም ኗር ተሻገርን። ስያሜው ፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ጥቁር ፊልም» ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ፊልሞች በአንድነት ወደ ፓሪስ ሲገቡ ኒኖ ፍራንክ የተባለ ሐያሲ በ1946 በዚህ ስም ጠራቸው። ሠሪዎቹ ግን ሁሉም አሜሪካውያን አልነበሩም። ፍሪትዝ ላንግና ቢሊ ዋይልደር ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ከጀርመን የወጡ ስደተኞች ናቸው፤ የበርሊንን የጥላ ጥበብ ይዘው ሄዱ።

ለመሸጋገሪያ ያየነው ላንግ ገና በጀርመን ሳለ በ1931 የሠራውን «ኤም» የተባለውን ፊልም ነው። ከተማው ሕፃናት የሚገድል ሰው ይፈልጋል። ገዳዩ አንድ ዜማ ያፏጫል። ፉጨቱ ሁለተኛ ሲሰማ ጓደኛችን፥ «ይኸው፥ ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣ» አለን። እኛ ፊቱን እየጠበቅን ነበር። ጥቂት ቆይቶ በፊልሙ ውስጥ ገዳዩን በዚሁ ፉጨት ለይቶ ያወቀው ሰው ዐይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ሆኖ ተገኘ! ጓደኛችን ይህን ስንነግረው እስኪበቃው ሳቀ።

የጥቁር ፊልም ጥላ እንዴት እንደሚሠራ የተረዳነው በሱሉልታ፥ መብራት በጠፋበት ብርዳማ ማታ ነው። በተለመደው የፊልም አሠራር ለአንድ ፊት ሦስት መብራት ይደረጋል፤ አንዱ ከፊት ለፊት ገባ ብሎ ዋናው፥ ሁለተኛው ጥላውን የሚያለዝብ፥ ሦስተኛው ከበስተ ኋላ ትከሻንና ፀጉርን የሚለይ ነው። ጥቁር ፊልም ሁለተኛውን ይቀንሳል ወይም ጨርሶ ያጠፋል። አንባቢ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ሁለት ሻማ አብርቶ በሰው ፊት ግራና ቀኝ ቢያስቀምጥ የሚያውቀውን ወዳጁን ያያል። አንዱን ቢያጠፋው ግን የፊቱ እኩሌታ ይሰወራል፤ ያው ወዳጁ ምሥጢር የያዘ ሰው ይመስለዋል። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ እምነት ነው።

በላፕቶፑ ባትሪ በዚያው ማታ የዋይልደርን «ደብል ኢንደምኒቲ» (1944) አየን። አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ከአንዲት ሴት ጋር ተማክሮ ባሏን ይገድላል። ፊልሙ ገዳዩን አይደብቅም፤ ገና ሲጀመር ሰውዬው ራሱ በድምፅ መቅጃ ላይ ጥፋቱን ይናዘዛል። ወደ ሴትዮዋ ቤት በገባ ጊዜ የመስኮቱ መጋረጃ ጥላ በላዩ ላይ መሥመር በመሥመር ሆኖ ይወድቅበታል፤ ገና ሳይገድል የእስር ቤት ፍርግርግ የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፊልም «ገዳዩ ማነው?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ «ይህ ሰው መመለስ የሚችልበት በር የትኛው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የመጨረሻው የካሮል ሪድ «ሦስተኛው ሰው» (1949) ነበር። በጦርነት በፈረሰችው በቪየና አንድ ሰው ፔኒሲሊን እየቀላቀለና እያቀጠነ ይሸጣል፤ ሕፃናትም ይጎዳሉ። ሙዚቃው ዚተር በተባለ፥ እንደ ክራር በጣት በሚመታ በአንድ መሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ሞቷል የተባለው ሰው በሌሊት በአንድ በር ጥግ ቆሞ ሳለ፥ ከጎረቤት መስኮት ድንገት መብራት ሲበራ ፊቱ ይታያል። አንዲት መብራት ታሪኩን ሁሉ ገለበጠችው።

አሁን፥ ይህ ሁሉ ለእኛ ለምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር መልሳችን የሚከተለው ነው። በአዲስ አበባ ሲኒማ በጀመረበት ዘመን ሕዝቡ የሲኒማውን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። ከዚያ ተነሥተን የራሳችንን ፊልም እስከ መሥራት ደርሰናል። የመጀመሪያው ረዥም የኢትዮጵያ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. የወጣው በጥቁርና በነጭ ነው። ኃይሌ ገሪማም በአማርኛ የሠራው፥ የገበሬን ኑሮ የሚያሳየው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) እንዲሁ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ርዝመቱ 150 ደቂቃ ነው። ከእኛ መካከል ይህን የኃይሌን ፊልም ቀድሞ ጀምሮት በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ያቋረጠ ጓደኛ ነበረ። ከክረምቱ በኋላ እንደ ገና ከፈተውና እስከ መጨረሻው አየው። ፊልሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው።

ፊልም ደግሞ ተመልካች ካጣ ይሞታል። በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፥ በዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረዣዥም ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው ሙሉ ሆነው የተገኙት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 70 የሚሆኑት ጨርሰው ጠፍተዋል። አንዳንዱ በቀላሉ በሚነድ ናይትሬት ስለ ተሠራ ተቃጠለ፤ ብዙው ግን የሚፈልገው ሰው የለም ተብሎ ተጣለ። የኃይሌ ፊልም በ2006 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቦሎኛ የታደሰው የሚፈልገው ሰው በመገኘቱ ነው። እንግዲህ የድሮ ፊልም ማየትን መማር ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ የራስን ንብረት ለመጠበቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን ይህን እንመክራለን። አንደኛ፥ በስልክ ሳይሆን በትልቅ ነገር፥ መብራት አጥፍቶና ሳይዘሉ ማየት። ሁለተኛ፥ ጽሑፍ ከሚያነሰው ፊልም መጀመር። ሦስተኛ፥ የታደሰ ቅጂ መፈለግ፤ በአሜሪካ ሕግ ከወጡ 95 ዓመት የሞላቸው ፊልሞች ለሁሉ ነጻ ስለ ሆኑ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አራተኛውና ዋናው፥ ብቻ አለማየት ነው። በጃፓን በድምፅ አልባው ዘመን ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው አጠገብ ቆመው ለሕዝቡ ይተርኩ ነበር። እኛም ለጓደኛችን ስንተርክ፥ «ፊቱ ምን ይመስላል? እጁ የት ነው? መብራቱ ከወዴት ነው?» እያለ ስለሚጠይቀን፥ ለመመለስ ስንል በደንብ ማየት ተገደድን። እርሱ ባይመጣ ኖሮ የእኛ ዐይን ብዙ ባላየም ነበር።

በሚመጣው ክረምት እንቀጥላለን። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ጓደኛችን ነው፤ ከጉዳዩ ሁሉ አስቀድሞ የተስማማነውም በዚህ ነው።