ሲሞላም ሲጎድልም

የደረጃ ዕድገት ሲገኝ ቤቱ ሁሉ ምስጋና ይሆናል። ልጅ ሲታመም፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ግን ጸሎቱም ይቀዘቅዛል። እርስዎስ እንዴት ነዎት? እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የሽያጭ ዕቅዴ ሲሳካ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጊዜ አጣለሁ፤ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ መሄጃ ፊት አጣለሁ።

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐይቅ ለእንደኔ ዓይነቱ አስተማሪ አላት። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርት ገዳም አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ተማሪዎቹ ወጥተው ስማቸው ሲገን፣ መምህሩ እዚያው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

ገዳሙም ከፍታና ዝቅታን አይቷል። አለቃው በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብለው የተከበሩበት ዘመን ነበር፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ደግሞ ሀብቱን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል ግን ዛሬም አለ።

ወደ አምባሰል ቀና ይበሉ። የግሸን አምባ በአንድ ወቅት የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ነበር። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን በእልልታ ይወጡታል። ተራራው ያው ነው፤ የተለየው የሚወጣበት ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከቤተሰብዎ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ይምረጡ፤ ከመኝታ በፊት የአምስት ደቂቃ ጸሎት ወይም በየወሩ አንድ ጎረቤት መጠየቅ። ትንሽ መሆኑ አያሳስብዎ። ደመወዝ ሲጨምርም ሲዘገይም የማይቋረጥ ይሁን እንጂ።